ሥራው ካልተለወጠ ስሙ አይነካ

የዳታቤዝ ባለሙያ የአንድን ፈንክሽን ውስጣዊ አሠራር የማሻሻል ሙሉ መብት አለው። ስሙ፣ የሚቀበላቸው ግቤቶችና የሚመልሰው ውጤት ግን የእሱ ብቻ አይደሉም፤ በእነሱ ተማምነው ፕሮግራም የጻፉ ሁሉ ድርሻ አላቸው። አቋማችን ግልጽ ነው፤ ሥራው ካልተለወጠ ስሙ አይነካ፣ ሥራው ከተለወጠ ደግሞ በአሮጌው ስም አይቅረብ።

ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው 10ኛ ዕትሙ ‹ኤክስሎግ› ይባል የነበረውን ማኅደር ‹ዋል› አለው። በቂ ምክንያት ነበረው። ስሙ ተራ የሎግ ፋይል ስለሚያስመስለው፣ ዲስክ ሲሞላባቸው ይዘቱን የሚሰርዙ ነበሩ፤ የሚሰርዙት ግን ዳታቤዙ ከብልሽት የሚያገግምበትን መዝገብ ነው። ይሁንና ‹ኤክስሎግ› የሚል ስም ያለባቸው ፈንክሽኖችም አብረው ተለወጡ፤ አሮጌዎቹ ስሞች ለመሸጋገሪያ እንኳ አልቆዩም። ፈንክሽንን ዲስክ ለማጽዳት ብሎ የሚሰርዝ የለም! ሥራቸው ያው ሆኖ ሳለ እነሱን የሚጠሩ የባካፕና የክትትል ስክሪፕቶች ተበላሹ። ይህ ስህተት ነበር። አሮጌው ስም አዲሱን እየጠራ ጥቂት ዕትሞችን መቆየት ይችል ነበር።

በ2022 በወጣው 15ኛ ዕትም ባካፕ የሚያስጀምሩትና የሚያስቆሙት ፈንክሽኖች ስማቸው ሲለወጥ ግን ፍርዳችን ሌላ ነው። ሰርቨሩ በባካፕ መሃል ከወደቀ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችል የነበረው የቀድሞ ዘዴ ተወግዷል፤ ሥራው ራሱ ተለውጧል። የድሮ ስክሪፕት የማይረባ ባካፕ ይዞ ከሚተኛ፣ እዚያው በስህተት መልእክት ቢቆም ይሻላል።

ሌላው ዳታቤዝ ኤስኪውላይት ከዚህም የተሻለ መንገድ አሳይቷል። ትዕዛዝ የሚያዘጋጀው ፈንክሽኑ ስህተትን የሚያሳውቅበትን መንገድ ማሻሻል ሲፈልግ ‹ቪ2› የሚል ቅጥያ ያለው አዲስ ፈንክሽን ጨመረ። ነባሩ ዛሬም ይሠራል።

ፖስትግሬስ ላይ የራሳቸውን ፈንክሽን የሚጽፉም ይጠንቀቁ። ነባሪ ዋጋ ያለው አንድ ግቤት መጨመር ጉዳት የሌለው ይመስላል። ሆኖም ‹ክሪኤት ኦር ሪፕሌስ› የሚለው ትዕዛዝ ነባሩን አይተካም፤ ተመሳሳይ ስም ያለው ሁለተኛ ፈንክሽን ይፈጥራል፤ የድሮው ጥሪም የትኛውን እንደፈለገ መለየት ስለማይቻል ይወድቃል። የሚመልሰውን ዓይነት ለመለወጥ ደግሞ ፈንክሽኑን መሰረዝ ግድ ነው፤ በመሰረዣው ትዕዛዝ ላይ ‹ካስኬድ› ከታከለበት በእሱ ላይ የተሠሩ ቪውዎችም አብረው ይጠፋሉ። የሥራ ኃላፊዎች እንዲህ ያለ ለውጥ ሥራ ላይ ወዳለ ዳታቤዝ እንዲገባ ፈቃድ መስጠት የለባቸውም፤ አዲስ ስም ይውጣለት፣ ነባሩም ተጠቃሚዎቹ እስኪሸጋገሩ ይቆይ።