ዝንጉርጉር ማለት ዝብርቅርቅ አይደለም

ቃላትም እንደ ሰው ስማቸው ይጠፋል። ስማቸው ከጠፋባቸው ቃላት አንዱ «ዝንጉርጉር» ነው። ሐሳቡ ያልጠራ ድርሰት ሲገጥመን «ዝንጉርጉር ነው» እንላለን፤ አቋሙ የሚዋልልን ሰውም እንዲሁ። በእኔ እምነት ይህ በቃሉ ላይ የተፈጸመ በደል ነው።

በቅድሚያ አፈጣጠሩን እንመልከት። ቃሉ «ዥንጉርጉር»፣ «ዥጉርጉር» እየተባለም ይነገራል፤ ግሡ «ተዥጎረጎረ» ነው። «ዘ» እና «ዠ» ቢወራረሱ፣ «ነ» ብትገባ ብትወጣ፣ የማይናወጠው የ«ጉር-ጉር» ድግግሞሽ ነው። አማርኛ የቃልን መጨረሻ ደግሞ መደጋገምንና መብዛትን መግለጽ ይወዳል፤ ከጥምዝ «ጥምዝምዝ»ን፣ ከድብልቅ «ድብልቅልቅ»ን ያወጣል። ዝንጉርጉርም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ጥቁር፣ ነጭ፣ ደግሞ ጥቁር፣ ደግሞ ነጭ፦ ዓይን በሜዳ አህያ ገላ ላይ የሚያየውን ጆሮ በቃሉ ውስጥ ይሰማዋል።

ይህ ጠባይ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በትንቢተ ኤርምያስ 13፥23 የኢትዮጵያዊው መልክና የነብሩ ዝንጉርጉርነት ጎን ለጎን ተነሥተዋል። በዕብራይስጡ የነብሩ ምልክት «ሐበርቡሮት» ይባላል፤ እዚያም «በር-ቡር» እያለ ድምፁ ይደገማል። ቃላቱ ሥራቸው ቢለያይም አሠራራቸው እኅትማማች ነው።

ወደ ትርጉሙ ስንመጣ አንድ ነገር ልብ እንበል። የነብር ገላ ነጠብጣብ ነው፤ የሜዳ አህያ ደግሞ ባለ መስመር። ቃላችን ግን ሁለቱንም ያቅፋል። እንግዲያው ዝንጉርጉርነት የአንድ ቅርጽ መጠሪያ ሳይሆን፣ ቀለማት ሳይዋዋጡ በአንድ ገላ ላይ አብረው የመኖራቸው ስም ነው። ጥቁርና ነጭ ቢዋሐዱማ ግራጫ በተባሉ ነበር። ሥርዓት ለጠፋበት ነገር ደግሞ «ዝብርቅርቅ» የሚል ራሱን የቻለ ቃል አለን። ዝብርቅርቅ የትኛው የየት እንደሆነ አይለይም፤ ዝንጉርጉር ግን እያንዳንዱ ቀለም ድንበሩን ያውቃል።

ስለዚህ ደራስያንና ሐያስያን ሆይ፣ ውሉ የጠፋበትን ጽሑፍ ያለ ሐፍረት ዝብርቅርቅ በሉት። ዝንጉርጉርን ግን ልዩነቱን እንደያዘ አንድ ለሆነ ነገር እናቆየው። ብዙ ልሳንና ብዙ መልክ ባለበት አገር እንዲህ ያለ ቃል ለነቀፌታ ሲባክን ማየት ያሳዝናል።