ዋጋው የወረደ፣ ወጪው ያልወረደ

በናይሮቢ ንጎንግ ጎዳና ዳር በተደረደሩት የመኪና መሸጫ ሜዳዎች ውስጥ የገዢን ዐይን ቀድሞ የሚማርከው ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ሬንጅ ሮቨር ነው። ታጥቦ ተወልውሏል፤ የቆዳ ወንበሩ ያብረቀርቃል፤ ዋጋውም አዲስ ሳለ ከነበረው እጅግ ወርዷል። ሻጩ «በፕራዶ ዋጋ ሬንጅ ሮቨር» ይላል። አባባሉ ሐሰት ላይሆን ይችላል፤ ግን ግማሹ ነገር ሳይነገር ቀርቷል። የወረደው የመኪናው መሸጫ ዋጋ እንጂ የኮምፕሬሰሩ፣ የካምቢዮውና የሞተሩ መለዋወጫ ዋጋ አይደለም። ገዢው አሮጌ መኪና ገዝቶ የአዲስ መኪና ጥገና ይከፍላል።

ደግሞስ ዋጋው ለምን ወረደ? እኩያው ላንድክሩዘር ዋጋውን ይዞ ሲቆይ ይህኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚያሽቆለቁለው ገበያ ስለተሳሳተ አይደለም። የመጀመሪያው ባለቤት መኪናውን የነዳው በፋብሪካ ዋስትና ሥር ነው። ዋስትናው ሲያበቃ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃልና ይሸጠዋል። የዋጋው መውረድ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በእኛ ሰፈር ግን እንደ ዕድል ይቆጠራል።

ኬንያ ከ8 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መኪና እንዳይገባ ትከለክላለች። ዓላማው በጎ ነው። ሆኖም አስመጪው ርካሹን ፍለጋ ከገደቡ ጫፍ የደረሰውን፣ 7 ዓመት የሞላውን መኪና መርጦ ሞምባሳ ያወርዳል። ይህ ዕድሜ ደግሞ ታላላቆቹ ሥራዎች የሚደርሱበት ነው። ላንድሮቨር ለባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተሮቹ ቺንጋ የሰጠው የዕድሜ ገደብ 7 ዓመት ነው፤ ከፊት ካለው ሌላ ከሞተሩ ጀርባ የነዳጅ ፓምፑን የሚያዞር፣ በቀላሉ የሚዘነጋ ሁለተኛ ቺንጋም አለ። የካምቢዮው ነገር ከዚህ ይብሳል። መኪናው ሲሸጥ የካምቢዮ ዘይቱ «የዕድሜ ልክ ነው» ይባላል። ካምቢዮውን የሠራው ዜድ ኤፍ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ግን ዘይቱ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ወይም በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። የዕድሜ ልክ የተባለው የማን ዕድሜ እንደሆነ የሚገባው ሁለተኛው ባለቤት ነው።

ከሁሉ በላይ ባለቤቱን የሚያሰለቸው አየር የሚሞላው ሞላ ነው። ተራ መኪና በብረት ሞላ ሲቆም ሬንጅ ሮቨርና አብዛኛው ዲስከቨሪ የሚቆሙት በአራት የጎማ ከረጢቶች ላይ ነው። ጎማ ያረጃል፤ ይሰነጠቃል። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመው መኪና ጠዋት በአንድ ማዕዘኑ ወደ መሬት ተቀምጦ ይገኛል። ሞተሩ ሲነሣ ኮምፕሬሰሩ የጎደለውን አየር ስለሚሞላ መኪናው ቀና ይላል፤ ባለቤቱም «ዳነ» ብሎ ይሄዳል። ከከረጢቱ አየር ማምለጡ ግን አይቆምም፤ ኮምፕሬሰሩም ያለ ዕረፍት እየሠራ በመጨረሻ ይቃጠላል። በዚህ ጊዜ ኮምፕሬሰሩ ብቻ ይቀየራል፤ የሚያፈሰው ከረጢት ግን ባለበት ይቀራል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ አዲሱም ይቃጠላል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ማለት ይህ ነው። ተሰልፎ ገንዘብ የፈሰሰበት መኪና በስተመጨረሻ ከረጢቱ ወጥቶለት የብረት ሞላ ሲገባለት ማየትም እንግዳ አይደለም። ታዲያ ያ ሁሉ የተከፈለው ለምን ነበር?

የሞተሩ ነገር አጭር ነው፤ ምክንያቱም ሲመጣ አንድ ጊዜ ይመጣል። ከ2009 ጀምሮ በወጡት 5.0 ሊትር ቪ8 ሞተሮች፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ላይ፣ የካቴናው መወጠሪያና መምሪያ እየተበላ ጠዋት ሞተሩ ሲነሣ ይንኳኳል። የማቀዝቀዣ ውኃ የሚያልፍባቸው የፕላስቲክ ቧንቧዎች በሙቀት ይደርቁና ይሰነጠቃሉ፤ የአሉሚኒየም ሞተር ደግሞ አንድ ጊዜ ከጋለ ምሕረት የለውም። በናፍጣዎቹ ላይ የክራንክ ሻፍት መሰበር የታወቀ ነው። ለአውሮፓ አውራ ጎዳና የተሠራው የማርሚታ ጥላሸት ማጣሪያም በሞምባሳ ጎዳና መጨናነቅ ውስጥ ራሱን አቃጥሎ ለማጽዳት የሚበቃ ሙቀት አያገኝም። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች የናፍጣቸውን ድኝ በ2015 ወደ 50 ሲያወርዱ አውሮፓ በ2009 ወደ 10 አውርዳው ነበር፤ ቁጥሩ በአንድ ሚሊዮን ክፍል የሚሰላ ነው።

ወቀሳው ሁልጊዜ የሚያርፈው በጋራዡ ላይ ነው። «መካኒኩ አበላሸው» ይባላል። የፋብሪካው መመርመሪያ ኮምፒውተር የሌለው የኢንዱስትሪያል ኤሪያ መካኒክ በእርግጥ ይገምታል፤ እያንዳንዱም ግምት ከኪሪንያጋ ጎዳና የሚገዛ አንድ ዕቃ ነው። ግን ለዚያ መካኒክ ያንን መኪና ማን ወሰደለት? መኪናውን የገዛው እንጂ መካኒኩ አልመረጠውም።

ሌላው መከራከሪያ ክብር ነው፤ ነጋዴ በመኪናው ይለካል ይባላል። ይህ እውነትነት የለውም ማለት አይቻልም፤ በሠርግም በስብሰባም በር የሚከፈተው ለማን እንደሆነ ሁሉም ያያል። ይሁንና ዕቁቡን አንድ ጊዜ አውጥቶ መኪናውን የገዛ ሰው ለካምቢዮው ሁለተኛ ዕቁብ የለውም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ የሚዘገየው፣ የሱቁ ዕቃ የሚሳሳው ያኔ ነው። መኪናው ጋራዥ ግቢ አቧራ ለብሶ ሲከርም ባለቤቱ በማታቱ ይመላለሳል፤ ያንን ክብር የሚያየው የለም።

እንግዲህ መግዛት የግድ ከሆነ፣ ከመግዣው ሌላ ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና የሚሆን ገንዘብ ለብቻ ይቀመጥ፤ ይህ ከሌለ ነገሩ እዚያው ይቁም። ከእንግሊዝ የመጣ ከሆነ የቀድሞ የሰሌዳ ቁጥሩ ይጠየቅ፤ የብሪታንያ መንግሥት የየዓመቱን የምርመራ ውጤትና የተነዳውን ርቀት ለማንም በነጻ ያሳያል። ክሩስኮቱ ላይ መብራት አለመኖሩ ማስረጃ አይደለም፤ በኮምፒውተር ለጊዜው ይጠፋል። መኪናው አንድ ሌሊት ሳይነሣ ይደር፤ ጠዋት ማንም ሳይነካው አራቱም ማዕዘን ይለካ፤ ከዚያ ቀዝቃዛው ሞተር ይነሣና ድምፁ ይደመጥ። ገዢው ሲደርስ ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀ፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።