«ሲመጣ» የት ይጻፍ?

ይድረስ በከተማ፣ በዞን፣ በክልልና በፌዴራል ደረጃ የዘላቂ ልማት ግቦችን አፈጻጸም ለምትቆጥሩና ለምትጽፉ ሁሉ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከፒያሳ ነው።

ከዓመታት በፊት ለአንድ ጥናት ቅጽ ይዤ ቤት ለቤት ዞሬአለሁ። ከፒያሳ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ በሚያወጣው አቀበት ላይ አንዲት እናት ደጃፍ ቆሜ «የመጠጥ ውሃ የምታገኙት ከየት ነው?» አልኳቸው። «ከቧንቧ ነው ልጄ» አሉኝ። «በግቢ ውስጥ ያለ ቧንቧ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። እስክሪብቶዬን ሳላነሳ «ሲመጣ» ብለው ጨመሩ። ቅጹን ገለባበጥሁት፤ «ሲመጣ» የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። በር ጥግ የተደረደሩትን ቢጫ ጀሪካኖች እያየሁ፣ የቧንቧ ተጠቃሚ ብዬ አልፌያቸው ሄድሁ። ያቺ ምልክት ዛሬም ትከነክነኛለች። ተደምራና ተካፍላ፣ ከመቶ ይህን ያህል ተብላ ወደ ላይ ሄዳለችና።

የውሃ ሽፋን የሚባለው ቁጥር በየመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ የኖረበትን መንገድ ታውቁታላችሁ። የጉድጓዱ ወይም የምንጩ አቅም ይያዛል፣ ለአንድ ሰው በቀን ይገባል በተባለው መጠን ይካፈላል፣ የተገኘው የሰው ብዛት «ተጠቃሚ» ይባላል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መስፈርቱ ለገጠር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ በቀን 25 ሊትር፣ ለከተማ እንደየደረጃው ከ40 እስከ 100 ሊትር ነበር። በመስፈርቱ ቅሬታ የለኝም። ፓምፑ ሲቃጠል፣ መብራት ሲጠፋ፣ መስመሩ ሲፈነዳ ግን ያ «ተጠቃሚ» ከሠንጠረዡ አይቀነስም። ደሴ ደግሞ አቀበት ናት። ታች ያለው ቤት በርሜሉን ሞልቶ ሲዘጋ፣ ላይ ያለው ቤት ቧንቧ ገና አየር ይተነፍሳል። ፈረቃው በሌሊት ከሆነ እናት ባልዲውን ከቧንቧው ሥር አስቀምጣ ጆሮዋን አቅንታ ትተኛለች፤ ጠብታው ሲያንኳኳ ትነሣለች። ሮቶ የሌለው፣ ጀሪካን በባጃጅ የሚያስጭንበት ገንዘብም የሌለው ቤት ሁሉ እንዲህ ያድራል። በሪፖርቱ ላይ ሮቶ ካለው ጎረቤቱ ጋር እኩል ነው።

ቁጥሩን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ላይ አልፈርድም። በዚያው ቁጥር የሥራ አፈጻጸሙ ይመዘናል፤ ከላይ የተጠየቀውን ከሞላ ተሸላሚ፣ ካጎደለ ተወቃሽ ነው። ሰውን እንዲህ አስቀምጦ እውነቱን አምጣ ማለት ይከብዳል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም የዓለም መንግሥታት ኒው ዮርክ ላይ ያጸደቋቸው 17 የዘላቂ ልማት ግቦች 169 ዒላማዎች አሏቸው፤ የሚለኩባቸው አመልካቾች ከ230 ይበልጣሉ። በ6ኛው ግብ ሥር ያለው የመጠጥ ውሃ አመልካች የእኚያን እናት ቃል አልረሳም። ውሃው በግቢ ውስጥ ይገኝ፣ በተፈለገ ጊዜ ይኑር፣ ከብክለትም ይንጻ ይላል። ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም የምዕተ ዓመቱን የልማት ግብ በውሃ አሳካች ሲባል ቁጥሩ 57 ከመቶ ነበር፤ ያን ጊዜ የሚቆጠረው የተሻሻለ የውሃ ምንጭ መኖሩ ብቻ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የያኔው ማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ ቆጣሪዎች መመርመሪያ ይዘው ቤት ለቤት ሄደው ውሃውን ራሱን ሲፈትሹት፣ ሦስቱንም የሚያሟላ ውሃ የሚያገኘው ሰው ከመቶ 13 ገደማ ሆኖ ተገኘ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የተለወጠው ዋናው ነገር ጥያቄው ነው። ያ ጥናት የገዛ ልጆቻችን ሥራ ስለሆነ በአክብሮት አነሣዋለሁ፤ እንችላለን ማለት ነው።

ሽፋኑን ከመቶ ለማውጣት የሚካፈልበት የሕዝብ ብዛትስ? የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ነው። ሕገ መንግሥቱ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል፤ ተከታዩ ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሞ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ደሴ ስንቱን አስተናገደች! በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ እስከዚሁ መጣ፤ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ ከወለጋና ከሰሜን የተፈናቀለው ሕዝብ በከተማዋና በዙሪያዋ ተጠለለ። እሱም ውሃ ይጠጣል። በትንበያ በተያዘ የሕዝብ ቁጥር ስታካፍሉ ግን ለእሱ የተለየ ጀሪካን የለም።

ወሎ ላይ ቁጥር ሰውን ሲሸፍን ይህ የመጀመሪያው አይደለም። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የረሃብ ጥናት በ1965 ዓ.ም በወሎ የደረሰውን እልቂት መርምሯል። ያገኘው ነገር እኔን ደሴ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ያስቆመኛል። የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል አልወደቀም ነበር። በደሴ ገበያም የእህል ዋጋ ብዙ አልናረም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። ዋጋው ያልናረው ገበሬው የሚገዛበት ስላልነበረው ነው። የዋጋ ሠንጠረዡን ብቻ ላየ ሰው ደሴ ሰላም ናት፤ በመንገዱ ዳር ግን ሰው ይረግፍ ነበር። የአገር አማካይና የገበያ ዋጋ አንድም ሐሰት አልተናገሩም። ወደ ሰውየው ቤት ገብቶ ምን በላህ ያለ አልነበረም እንጂ።

ኢትዮጵያ የግቦቹን አፈጻጸም በ2009 እና በ2014 ዓ.ም ለተባበሩት መንግሥታት አቅርባለች። ቀነ ገደቡ 2030 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ የምለምናችሁ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም። «ባለፉት 14 ቀናት ውስጥ ሙሉ ቀን ውሃ ያጣችሁበት ጊዜ አለ?» የሚለው ጥያቄ በዓለም አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቅጽ ላይ አለ። በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ውስጥ አስገቡት፤ በየቀበሌው ለዩት፤ የላይኛውን ሰፈር ከታችኛው ጋር ደምራችሁ አማካይ አታውጡ። መልሱን የሚሰበስበው ውሃውን ከሚያቀርበው መሥሪያ ቤት ውጭ ያለ ሰው ይሁን። ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ የመጣውንም አትቅጡት።

አንዲት ጎረቤቴ ግድግዳዋ ላይ በሰቀለችው የቀን መቁጠሪያ ውሃ የመጣበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ትከባለች፤ መቼ ልብስ እንደምታጥብ ለማወቅ ነው። ከመስከረም እስከ ጥር ያሉትን ወረቀቶች ተውሻቸው ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ከእናንተ አንዱ ወደ ደሴ ቢወርድ ፒያሳ ላይ ተቀብዬ፣ አቀበቱን አብረን ወጥተን ቤቷን አሳየዋለሁ።

አንድ የደሴ ነዋሪ