ኩባንያው ሲዘጋ ዓይንም ይዘጋል?

ሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሣሪያ የሚሠራ መሐንዲስ ገና ከመነሻው ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ይሄ ነገር ሲበላሽ ማን፣ በምን ይጠግነዋል? «አንተ ኮድህን ጻፍ፣ ልብን ለሐኪም ተውለት» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ። ግን እኮ የልብን ምት የሚያስተካክለው ፔስሜከር ዛሬ ባትሪ የተገጠመለት ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ያለውን ኮድ የጻፈው እንደኔው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው ነው። ከሙያዬ ደግሞ አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው ተደርጎ የተሠራ ነገር ቀኑ ሲደርስ መከራውን የሚያየው ተጠቃሚው ነው።

አርገስ ሁለት የሚባለውን ሰው ሠራሽ ሬቲና ውሰዱ። የሠራው ሴከንድ ሳይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። መነጽር ላይ ያለች ካሜራ ምስሉን ትቀበላለች፣ ሰውየው ይዞት የሚዞረው ትንሽ ኮምፒውተር ያቀናብረዋል፣ ዓይን ውስጥ ያሉት 60 ኤሌክትሮዶች ለነርቩ ያደርሱታል። ከ350 በላይ ሰዎች ተተክሎላቸዋል። ኩባንያው በ2019 ምርቱን አቆመ፣ በ2020 አብዛኛውን ሠራተኛ አሰናበተ። ከዚያስ? ዕቃው የተሰበረበት ሰው መለዋወጫ ከሌላ ተጠቃሚ እስከመፈለግ ደረሰ። ዓይን ውስጥ ያለው ክፍል ደህና ቢሆን እንኳ፣ ውጭ ያለው ሳጥን ከሞተ ሁሉም ይጨልማል። ያንን ሳጥን መሥራት የሚችል ባለሙያ በዓለም ላይ ጠፍቶ አይደለም። ንድፉና ኮዱ የኩባንያው ንብረት ሆኖ ተቆልፎ ስለቀረ ነው።

የሚተከል ነገር እንደሚበላሽ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1958 ስቶክሆልም ውስጥ፣ ኢንጂነር ሩኔ ኤልምክቪስት የሠራውን ፔስሜከር ቀዶ ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ አርነ ላርሾን ለተባለ ሰው ተከለለት። በሰዓታት ውስጥ ሥራ አቆመ። ላርሾን ግን እስከ 2001 ኖረ፤ በሕይወቱ ከ20 በላይ መሣሪያ ተቀያይሮለታል። የመጀመሪያው ባለ ፔስሜከር ታሪክ ራሱ የጥገና ታሪክ ነው።

ከዚያ ታሪክ የተማሩም አሉ። የፔስሜከር ሽቦ በደም ሥር ገብቶ ልብ ላይ ያርፋል፤ ዓመታት ሲያልፉ ሥጋ ስለሚይዘው ማውጣቱ አደገኛ ነው። ባትሪውን የያዘው ሳጥን ግን ከቆዳ ሥር ነው ያለው። ድሮ የኩባንያዎቹ መሰኪያ የተለያየ ነበር። በኋላ አይኤስ-1 የሚባል ዓለም አቀፍ የመሰኪያ ደረጃ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ባትሪው ሲያልቅ ሽቦው ባለበት ይቀመጣል፣ የአንዱ ኩባንያ ሳጥን የሌላው ሽቦ ላይ ይሰካል። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ባትሪው 10 ዓመት ቢቆይ፣ በ25 ዓመቷ የተተከለላት ሴት 75 ሳይሞላት አራት ጊዜ ቀዶ ጥገና ትገባለች። በየጊዜው ሽቦው ጭምር ይነቀል ቢባል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

መሰኪያው ተከፈተ፤ ቋንቋው ግን አልተከፈተም። ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው ለማየት፣ ምቱን ለማስተካከል፣ የየኩባንያው የራሱ ማሽን ያስፈልጋል። የአንዱ ማሽን የሌላውን መሣሪያ አያነብም። አሁን ነገሩን ወደኛ አምጡት። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ተተክሎላቸው፣ ቀሪ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ ሊያሳልፉ የተመለሱ አንዲት እናት ድንገት ራሳቸውን ያዞራቸዋል እንበል። ሆስፒታሉ ጎበዝ ሐኪም አለው፤ የዚያ ኩባንያ ማሽን ግን የለውም። ታዲያ የገዛ ልባቸው መረጃ ደረታቸው ውስጥ ተቀምጦ፣ ሐኪሙ አጠገባቸው ቆሞ፣ ሊያነበው አይችልም። በእርዳታ የሚመጣ መሣሪያም ያው ነው፤ ማሽኑ አብሮ ካልመጣ ስጦታው ግማሽ ነው። ስልክ ሲቆለፍብን መርካቶ የሚከፍት ልጅ አናጣም። ለደረት እንዲህ ያለ ሱቅ የለም፣ እንዲኖርም አልመኝም።

«ታዲያ ደረት በካቻቪቴ ይፈታ ነው የምትለው?» አይደለም። የቲታኒየሙ ሳጥን የሰውነት ፈሳሽ እንዳይገባበት ነው በብየዳ የታሸገው፤ ታሽጎ ይቆይ። እኔ የምለው፣ ቶሎ የሚያረጀው ክፍል ብዙ ከሚቆየው ይለይ፣ በመካከላቸው ያለው መገናኛም የሕዝብ ይሁን ነው።

«ቋንቋው ከተከፈተ ሀከር ይገባል» የሚለውን ክርክርም አውቀዋለሁ። እስቲ በዝግ ኮድ የሆነውን እንይ። በ2017 አቦት የተባለው ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ወደ 465,000 ለሚጠጉ ፔስሜከሮች የደኅንነት አፕዴት ማውጣት ግድ ሆነበት። ኮዱ ዝግ መሆኑ ክፍተቱን አልደፈነውም፤ ክፍተቱን በይፋ ያነሱት እንኳ ከኩባንያው ውጭ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። ደግሞ አፕዴቱ ክሊኒክ ውስጥ፣ ያለ ቀዶ ጥገና፣ በ3 ደቂቃ ገደማ ነው የሚጫነው። ለምን ተቻለ? አንድ ሰው መሣሪያው ሳይቀበር በፊት ለጥገና የሚሆን በር ስላስቀመጠለት ነው። መቆለፊያ ይኑር፤ በበሩ ላይ ይኑር፣ ቁልፉም አንድ ኩባንያ ኪስ ውስጥ ብቻ አይቅር። ኢንተርኔት ላይ የባንክ ገንዘባችንን የሚጠብቀው የምስጠራ ስልት አሠራሩ ለማንም የታተመ ነው፤ ምስጢሩ ያለው ቁልፉ ላይ ነው።

ስለዚህ የሚተከል መሣሪያ ገና ሲፈቀድ ሦስት ነገር ይጠየቅ። መሰኪያው ደረጃውን የጠበቀ ይሁን። የመገናኛ ቋንቋው ሰነድ ይታተም፤ ታካሚው የራሱን መረጃ የማንበብ፣ የሚያምነውን ሐኪም የማስነበብ መብት ይኑረው። ንድፉና ኮዱ ገለልተኛ አካል ዘንድ በአደራ ይቀመጥ፤ ኩባንያው ሲከስር ወይም «ከእንግዲህ አልጠግንም» ሲል ይለቀቅ። ወጪ አለው? አለው። ግን ያ ወጪ ዛሬም እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ታካሚው መሆኑ ብቻ ነው።

ኒውራሊንክ በ2024 የመጀመሪያ ሰው አንጎል ውስጥ ቺፕ ሲተክል ብዙዎቻችን አጨበጨብን። ማጨብጨቡ ጥሩ። ግን ያ ሰው ወጣት ነው፣ ዕድሜ ይስጠው፣ ገና ብዙ ዓመት ይኖራል። ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ልጆች፣ ቀጣዩን ቺፕ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ከ30 ዓመት በኋላ ኩባንያው ባይኖር ያንን ቺፕ ማን ይከፍተዋል? መልሱን ሰነዱ ውስጥ ካልጻፋችሁት፣ ሥራው አላለቀም።