ሠራተኛዪቱ ለምን ታስቃለች?

የውጭ አገር ተከታታይ ድራማ ወጣቱን አበላሸው፥ ባህሉን አስረሳው፥ የአገር ውስጡንም ድራማ ገበያ ነሣው የሚል ክስ መስማት ከጀመርን ዓመታት አልፈዋል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከቱርክና ከሌላም አገር የመጡ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማሰማት ሲጀምር፥ የአዲስ አበባ የጥበብ ሰዎች ተሰብስበው ተቃውሞአቸውን መግለጻቸው የሚታወስ ነው። ክሱ ከዋናው ከተማ ተነሥቶ እኛም ዘንድ ደርሷል። በቢቸናም ሆነ በሞጣ፥ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በቡና ቤት ይህ ጨዋታ ሲነሣ «መንግሥት ለምን አይከለክለውም?» የማይል ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ከሳሾቹ ራሳቸው በተከሳሽ ወንበር ላይ ጥቂት ቢቀመጡ የሚገባ ይመስለኛል።

ምክንያቴን ለማስረዳት አንድ የኮርያ ድራማ ልጥቀስ። ስሙ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የድራማዎች ንጉሥ» ማለት ነው፤ ኤስ ቢ ኤስ የተባለው የሴኡል ጣቢያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 መጨረሻና በ2013 መጀመሪያ አሳይቶታል። ነገሩ ሁሉ ስለ ድራማ አሠራር ነው። አንቶኒ ኪም የሚባል ፕሮዲውሰር የመጨረሻው ክፍል የተቀረጸበት ካሴት በሰዓቱ ወደ ጣቢያው እንዲደርስ ብሎ የሞተር ብስክሌት መልእክተኛውን ያጣድፈዋል፤ መልእክተኛው በመንገድ ላይ ተጋጭቶ ሲወድቅ አንቶኒ ሰውየውን ትቶ ካሴቱን አንሥቶ ይሄዳል፤ መልእክተኛውም ይሞታል። በሌላ ወገን ሊ ጎ ኡን የተባለች ጀማሪ ደራሲ አለች፤ እርስዋም ጽሑፍዋን ከባለገንዘቡም፥ ከጣቢያውም፥ ከዝነኛው ተዋናይም ለማዳን ስትታገል እናያታለን።

ይህን ስል የኮርያን አሠራር ማመስገኔ አይደለም። ማታ የሚታየውን ክፍል ጧት እየጻፉ፥ ሠራተኛውን እንቅልፍ እያሳጡ መቅረጽ በዚያ አገር ለብዙ ዘመን የተለመደ ነበረ፤ እንዲህ ያለውን ልማድ ማንም ሊመኝ አይገባውም። የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ሰዎቹ የሙያቸውን ነውር በዚያው በሙያቸው አወጡት፤ አውጥተውም ለዓለም ሸጡት። በ1943 ዓ.ም. የዘመቱት የቃኘው ወታደሮች ያ አገር በጦርነት ፈራርሶ እንዳገኙት ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወደኛ እንመለስ። ቴሌቪዥን በአገራችን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። እስቲ ስለ ድራማ አሠራር የሚናገር ድራማ በአማርኛ ተሠራ እንበልና፥ ደራሲው የቤት ሠራተኛዪቱን የሚፈጥርበትን ሰዓት እንመልከት። ትዕይንቱ ቀዝቅዟል፤ ሳቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከገጠር የመጣች ልጅ በሩን ከፍታ ትገባለች። ከየት እንደ መጣች ሲታሰብ ብዙ ጊዜ ጎጃም ይመረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ደራሲው አይደክምም። የከተማውን ቃል ታጣምማለች፥ የእንግዳውን ስም ታበላሻለች፥ ዕቃ ትሰብራለች፥ አፍዋን ከፍታ ትደነቃለች። ለምን ከአገርዋ እንደ ወጣች፥ ደመወዝዋ ስንት እንደ ሆነ፥ ማታ ትምህርት ቤት ለመግባት እመቤትዋን ለምና ምን እንደ ተመለሰላት አይነገረንም። በዚያ ክፍል ውስጥ ሊ ጎ ኡንን የመሰለች ሰው ተነሥታ «ይህች ልጅ እንዲህ አትናገርም» የምትል የለችም።

የንግግሩን ነገር ጠለቅ ብለን ብናየው ደግሞ ስሕተቱ የበለጠ ያስቃል። የጎጃም ገበሬ «ነገርሁት፥ ወሰድሁት» ይላል። የከተማው ሰው «ነገርኩት፥ ወሰድኩት» ይላል። የቀደሙት ደራስያን በመጽሐፋቸው የጻፉት የትኛውን እንደ ሆነ ማንኛውም የአማርኛ መምህር ያውቃል። እንግዲህ ሠራተኛዪቱ የምትናገረው የመጽሐፉን አማርኛ ነው፤ የሚስቅባት ሰው ግን ይህን አላወቀም። ከሞጣ ጊዮርጊስ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ያለው አገር ተማሪው ማታ ቅኔ ሲቆጥር አምሽቶ፥ ሰሙን ከወርቁ አስማምቶ ለመምህሩ የሚያቀርብበት አገር ነው። በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገር የሚችል ሕዝብ በቴሌቪዥን ላይ አንዱንም ነገር በቅጡ መናገር የማይችል ሆኖ ይታያል።

ይህ ሳቅ ጉዳት የለውም የሚል ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ባለፈው ፋሲካ ከአዲስ አበባ ወደ ሞጣ የተመለሰች አንዲት የጎረቤት ልጅ ከእናትዋ ጋር ስትጫወት «ነገርሁት» ብላ ጀመረችና፥ እንደ ደነገጠ ሰው ቆም ብላ «ነገርኩት» ስትል ሰማሁ። እናቲቱ ምን እንደ ታረመ እንኳ አላስተዋለችም። ልጅቱ በገዛ እናትዋ ፊት በእናትዋ አንደበት ማፈርን ከወዴት ተማረችው? ከቱርኩ ድራማ አልተማረችውም። የቱርኩ ድራማ ነውሩ ብዙ ይሆናል፤ እርስዋን ግን አይሰድባትም። በውስጡ ያለችው የገጠር ልጅ በአማርኛ ድምፅ ስትናገር እንደ ሰው ትናገራለች፤ ታፈቅራለች፥ ትቈጣለች፥ ትከሳለች። ታዲያ ልጅቱ ጣቢያውን ብትቀይር ማን ይፈርድባታል?

ገንዘብ የለንም ይላሉ። እውነት ነው፤ ማስታወቂያ የሚሰጠው ነጋዴ ካልፈቀደ ድራማው እንደማይቀረጽ እናውቃለን። ነገር ግን «ነገርሁት» ብሎ መጻፍ «ነገርኩት» ብሎ ከመጻፍ የበለጠ ወጪ የለውም። ሁሉም እንዲህ ነው አልልም። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው «እረኛዬ» የገጠሩን ሰው በክብር ይዞ ተመልካች አላጣም፤ ሳቅም አላጣም።

የገጠሩን አማርኛ ብንጽፍ የከተማው ሰው አይገባውም የሚለው ምክንያት ግን ከሁሉም የደከመ ነው። ክቡር ዶክተር ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው፥ ያደጉበትን አንደበት ሳያፍሩበት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሣ የሚናገሩት ከቢቸና ብዙ ሳይርቅ በዚያው በዲማ ነው። መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነብበው የከተማውም የገጠሩም ሰው ጆሮውን ሰጥቶ አደመጠው፤ አልገባንም ያለ ሰው ስለ መኖሩ የሰማሁት ነገር የለም።