የዋጋ ወሬ ያለ ጊዜ ኪስ አይሞላም

ጥር ላይ ርካሽ፣ ሐምሌ ላይ ውድ። የእህል ገበያ ይህን ልማዱን ከዓመት ዓመት ሲደጋግም ኖሯል። አዝመራ ተሰብስቦ አውድማው በተነሣ ማግሥት ግብር አለ፤ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ዕዳ አለ፤ ወሩ የሠርግ ነውና ድግስም አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ገበሬውም ጎረቤቶቹ ሁሉ በሚሸጡበት በዚያው ሳምንት እህሉን በአህያ ጭኖ ወደ ገበያ ይወርዳል። ሻጭ በዝቶ ገዢ ሲያንስ ዋጋ ምን እንደሚሆን ለመናገር ሊቅ መሆን አያሻም። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይጎድልና ያው ገበሬ በርካሽ የሸጠውን እህል በውድ ሊገዛ ወደዚያው ገበያ ይመለሳል። በሽያጩም በግዢውም ተጎጂው እርሱ ነው።

ለዚህ የቆየ ሕመም መድኃኒቱ የእጅ ስልክ ነው መባል ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። ማብራሪያው ቀላል ነው። ገበሬው የሚጎዳው ዋጋ ባለማወቁ ነው፤ ስልክ ዋጋውን ይነግረዋል፤ ዋጋውን ያወቀ ገበሬ ደግሞ በነጋዴ አይታለልም ይባላል። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። በግማሽ እውነት ላይ የሚመደብ በጀት ግን ሙሉ ገንዘብ ይበላል።

እውነት የሆነውን ግማሽ አስቀድሞ ማየት ተገቢ ነው። በደቡብ ምዕራብ ህንድ በምትገኘው የኬራላ ግዛት የእጅ ስልክ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ገባ። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ሮበርት ጄንሰን በ2007 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ከስልኩ በፊት በአንዱ ዳርቻ ዓሣ ገዢ አጥቶ ሲጣል፣ በቅርብ ርቀት ባለ ሌላ ዳርቻ ገዢው ዓሣ አጥቶ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። በጥር ወር 1997 በአንድ ማለዳ ባዳጋራ በተባለው ገበያ 11 ዓሣ አጥማጆች ገዢ ሲያጡ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ 27 ገዢዎች ዓሣ ሳያገኙ ቀርተዋል። ስልኩ ሲገባ አጥማጆቹ ጀልባቸው ላይ እንዳሉ እየደወሉ የተሻለ ዋጋ ወዳለበት መዞር ጀመሩ። ትርፋቸው በ8 በመቶ ገደማ አደገ፤ ሸማቹ የሚከፍለው ዋጋ በ4 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ዓሣ መጣሉም ቀረ።

በዚያው በህንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ የሰብል ዋጋንና የአየር ሁኔታን በስልክ የጽሑፍ መልእክት የሚልክ አገልግሎት በ100 መንደሮች ተፈትኗል። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ማርሴል ፋፍሻምፕና ባርት ሚንተን ናቸው። መልእክቱ የደረሳቸው ገበሬዎች ካልደረሳቸው የተሻለ ዋጋ ስለማግኘታቸው ይህ ነው የሚባል ማስረጃ አላገኙም። አገሩ አንድ ነው፤ ስልኩም አንድ ነው። ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ምዕራብ አፍሪካም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በኒጀር የእጅ ስልክ እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2006 ሲስፋፋ በገበያዎች መካከል የነበረው የእህል ዋጋ ልዩነት ቢያንስ በ10 በመቶ መጥበቡን ጄኒ ኤከር የተባሉ ተመራማሪ አረጋግጠዋል። ነጋዴዎች እየደወሉ እህል ከተረፈበት ወደ ጎደለበት ማዞር ችለው ነበርና ሸማቹ ተጠቅሟል። በኋላ በገበሬው በኩል የተደረገው ጥናት ግን አምራቹ የሚያገኘው አማካይ ዋጋ ከፍ አለማለቱን አሳየ። ስልኩ ነጋዴውን አፍጥኖታል፤ ገበሬውን ግን ካለበት ብዙም አላነቃነቀውም።

ልዩነቱ ከምን መጣ? ለጥያቄው አንድ ብቻ መልስ አይኖረውም። የኬራላው አጥማጅ ግን ወሬው ሲደርሰው የሚሄድበት ሞተር ያለው ጀልባ ከሥሩ ነበረው። በሰማበት ሰዓት መዞር ይችላል። የደጋ ገበሬ በሚቀጥለው ወረዳ ጤፍ በኩንታል ብዙ ብር እንደሚበልጥ ቢሰማ የሚያዞረው ጀልባ የለውም። ያለው አንድ አህያ፣ የግማሽ ቀን መንገድና ለነገ የተቀጠረ ዕዳ ነው። ከሁሉም በላይ የሚያስረው ዕዳው ነው። ሐምሌ ላይ ዋጋ እንደሚጨምር ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ይህን ለማወቅ ስልክ አላስፈለገውም። ያጣው ወሬ ሳይሆን እስከ ሐምሌ የሚያቆየውን ጊዜ ነው።

ይህን ይዞ ወደ አገር ቤቱ ጥረት መመለስ ይቻላል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው በበቆሎና በስንዴ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዋና ሥራው ቡና፣ ሰሊጥና ቦሎቄ ሆነ። በየከተማው ባቆማቸው የዋጋ ሰሌዳዎችና በስልክ ያሰራጨው ዋጋ ለቡናና ለሰሊጥ አምራቹ የመደራደሪያ ጉልበት መስጠቱ አይካድም። የጤፉና የበቆሎው ገበያ ግን በአብዛኛው ከእርሱ ውጭ ነው የሚውለው።

በ2006 ዓ.ም. በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት የተከፈተው የ8028 ነጻ የስልክ መስመር ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። መስመሩ ጽሑፍ አይጠይቅም፤ ገበሬውን በሚያውቀው ቋንቋ በድምፅ ያነጋግረዋል። በሚሊዮን የሚቆጠር ጥሪም አስተናግዷል። ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ ቴክኖሎጂ ይፈራል የሚለውን ሐሜት ሐሰት ያደረገው ይህ መስመር ነው።

በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር ደንበኞቹ ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን ኢትዮ ቴሌኮም ይገልጻል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ ተከትሎታል። ቴሌብር በተራ የእጅ ስልክም ስለሚሠራ ስማርት ስልክ ግዴታ አይደለም። ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም ከዳሽን ባንክ ጋር በመተባበር ያለ መያዣ አነስተኛ ብድር በስልክ መስጠት ተጀምሯል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ብድሩ የሚሰፈረው በስልኩ ላይ በሚታየው የገንዘብ እንቅስቃሴ ነው። ሱቅ ያለው፣ በየቀኑ የሚቀበልና የሚከፍል ሰው ይታያል። በዓመት አንድ ጊዜ አዝመራ ሸጦ በጥሬ ገንዘብ የሚከፈለው ገበሬ ግን በዚህ መነጽር ቢፈለግም አይታይም። የብድሩ ዕድሜም በቀን፣ በሳምንትና በወር የሚቆጠር ነው። ከጥር እስከ ሐምሌ ያለው መንገድ ስድስት ወር ነው።

ጊዜ መግዛት ገንዘብ እንደሚያስገኝ ግምት ብቻ አይደለም። በምዕራብ ኬንያ ዋን ኤከር ፈንድ የተባለው ድርጅት ለበቆሎ ገበሬዎች አዝመራ በተሰበሰበበት ወቅት ብድር ሰጥቶ ነበር። ማርሻል በርክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት እንደተገለጸው፣ በአካባቢው የእህል ዋጋ ከአዝመራ እስከ ችጋሩ ወቅት ከ25 እስከ 40 በመቶ ይጨምራል። ብድሩን ያገኙት ገበሬዎች ወዲያው መሸጡን ትተው በቆሎውን አቆዩ፤ ከብድሩም 29 በመቶ ያህል ትርፍ አገኙ። ብድሩ በብዛት በተሰጠባቸው አካባቢዎች ደግሞ የጥርና የሐምሌ ዓይነቱ የዋጋ ልዩነት ራሱ ጠበበ፤ ያልተበደረውም ጎረቤት ተጠቀመ ማለት ነው። በዚያችው ኬንያ በ2007 የተጀመረው ኤምፔሳ 194 ሺህ ያህል ቤተሰቦችን ከድህነት ማውጣቱን ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ በ2016 ሲያሳትሙ ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ችግር የደረሰበት ሰው ከሩቅ ዘመዱ ፈጥኖ ገንዘብ ማግኘት መቻሉ ነው። በስልክ የተላከው ገንዘብ ለችግረኛው የሰጠው ፋታ ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። ለስሌት እንዲመች ጤፍ በጥር 10 ሺህ፣ በሐምሌ 12 ሺህ 500 ብር በኩንታል ቢሸጥና አንድ ገበሬ በጥር የሚከፍለው 20 ሺህ ብር ዕዳ ቢኖርበት፣ ዛሬ ያለው ምርጫ ሁለት ኩንታል መሸጥ ብቻ ነው። ያንኑ 20 ሺህ ብር በዓመት 15 በመቶ ወለድ ለስድስት ወር ቢያገኝ ወለዱ 1 ሺህ 500 ብር ይሆናል። በሐምሌ ሁለቱን ኩንታል በ25 ሺህ ብር ሸጦ ብድሩንና ወለዱን ሲመልስ 3 ሺህ 500 ብር ይተርፈዋል። ለባንክ ይህ ጥቃቅን ሂሳብ ነው። ለአነስተኛ ገበሬ ግን በክረምት ጥጃውን አለመሸጥ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ በአብዛኛው አገር ውስጥ አለ። የመጋዘን ደረሰኝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 372/1996 ተደንግጓል። ተንቀሳቃሽ ንብረትን፣ እህልንም ጨምሮ፣ በመያዣነት ለማስያዝ የሚያስችለው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወጥቷል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅም በ2015 ዓ.ም. ጸድቆ ፋይዳ ቁጥር በመሰጠት ላይ ነው። መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሚዛንና መጋዘን አላቸው። የጎደለው እነዚህን አንድ ላይ የሚያስር ክር ነው። ገበሬው እህሉን በማኅበሩ መጋዘን ያስገባል፤ ሚዛኑና ደረጃው ተመዝግቦ በስልኩ ይደርሰዋል፤ ባንኩ ወይም የብድርና ቁጠባ ተቋሙ ምዝገባውን ዐይቶ ብድሩን እስከ ክረምት በሚዘልቅ ቀጠሮ በዚያው ስልክ ይልካል። በገበያ ቀን ጠዋት ደግሞ የቅርብ ሁለትና ሦስት ገበያዎች ዋጋ በድምፅ ይነገረዋል። የዋጋው ወሬ እግር የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ እንቅፋት የለም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ጥሬ ገንዘብ ነው። በስልክ የመጣ ገንዘብ በገጠር ገበያ ወደ ብር የሚመነዝረው ወኪል ያስፈልገዋል፤ ወኪሉ በገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ ብር ካለቀበት አገልግሎቱ የወረቀት ላይ ነው። ሁለተኛው የሴቶች ጉዳይ ነው። በዓለም ባንክ መረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 ከ100 ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች የባንክ ወይም መሰል ሂሳብ የነበራቸው 46 ያህል ሲሆኑ፣ ሴቶች ከወንዶች በብዙ ያንሱ ነበር። ስልኩም ደረሰኙም በባል ስም ብቻ ከሆነ አሳታፊ የተባለው ሥራ ከጓዳው ደጃፍ ይመለሳል። ሦስተኛው የእህሉ ጠባይ ነው። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ በቆሎን ግን አየር በማያስገባ ከረጢት ካላስቀመጡት እስከ ሐምሌ የሚተርፈው ዱቄቱ ነው። አራተኛው የዋጋ ሥጋት ነው። ሐምሌ ላይ ዋጋ ያልጨመረበት ዓመት ሊመጣ ይችላል፤ በመሆኑም አበዳሪው ከእህሉ ዋጋ በከፊል ብቻ ማበደር፣ ተበዳሪውም አዝመራውን በሙሉ አለማስያዝ ይኖርባቸዋል።

በነጋዴውና በደላላው ላይ ጣት መቀሰር ደግሞ የተለመደ ነው። ነጋዴ ግን ለገበሬው በጥር ጥሬ ገንዘብ፣ ጆንያና መኪና ይዞ የሚመጣ ብቸኛው ሰው ሆኖ ቆይቷል። ባርት ሚንተንና ባልደረቦቻቸው በጤፍ ገበያ ላይ ባደረጉት ጥናት ከአዲስ አበባ ሸማች ኪስ ከሚወጣው ዋጋ ትልቁ ድርሻ የሚደርሰው ለመካከለኞቹ ሳይሆን ለገበሬው መሆኑን አሳይተዋል። ጉዳቱ ያለው በመካከለኛው ድርሻ ላይ ሳይሆን በሽያጩ ቀን ላይ ነው። ደላላውን በስልክ እናስወግዳለን የሚል ዕቅድ ጠላቱን ስቶ ይተኩሳል። ለገበሬው ሌላ የገንዘብ ምንጭ ቢከፈትለት ነጋዴው ራሱ ዋጋ አሻሽሎ ለመግዛት ይገደዳል።

እስካሁን ድሃውን በዲጂታል አገልግሎት ማሳተፍ የሚለካው በተከፈተ ሂሳብና በተመዘገበ የስልክ ቁጥር ብዛት ነው። ቁጥሩ ለሪፖርት ያምራል። ገበሬው ዘንድ ግን መለኪያው ሌላ ነው፤ በጥር ተገድዶ የሚሸጠው ኩንታል ቀነሰ ወይስ አልቀነሰም? ብሔራዊ ባንክ፣ የግብርና ሚኒስቴርና የቴሌ ኩባንያዎች ይህን አንድ ቁጥር በየዓመቱ ቆጥረው ቢያወጡ፣ ስልኩ የገበሬውን ኪስ ወይስ የራሱን ኩባንያ ሪፖርት እንደሞላ በግልጽ ይታወቃል። የሚቀጥለው አዝመራ ሳይወቃ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱን መጋዘን፣ የባንኩን ብድርና የገበሬውን ስልክ በጥቂት ወረዳዎች አገናኝቶ መሞከር ይቻላል። ሕጉ አለ፤ ስልኩም ደርሷል። ለገበሬው የቀረው እስከ ሐምሌ የሚያቆየው ፋታ ነው።