ማስክ፣ ትምህርት ቤትና የወላጆች የሰነድ ጥያቄ፦ የሁለት ጸሐፊዎች ሙግት

ትምህርት ቤት ማስክ ግዴታ ሲያደርግ ወላጆች ተሰባስበው «የተወሰነበት ሰነድ ይሰጠን» ብለው መሞገታቸው የኮሮና ዘመን ያመጣው መንገድ ነው። በስፋት የተሞከረው በአሜሪካ ነው። እዚያ ወላጆች የመረጃ ነፃነት ሕግን ጠቅሰው የትምህርት ቦርዶችን ኢሜይል፣ ቃለ ጉባኤና የጤና ምክር ጠየቁ፤ ያገኙትንም ይዘው ስብሰባ ላይ ቆሙ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ ጠቡ ከፍ ብሎ ፍርድ ቤት ደርሷል። የያኔው አገረ ገዥ ግሌን ያንግኪን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 15 ቀን 2022 ማስኩን ለወላጅ ምርጫ የሚተው ትእዛዝ ሲፈርሙ፣ ፌርፋክስ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ያሉባቸው ሰባት የትምህርት ቦርዶች ከሰሷቸው። በፌብሩዋሪ 16 ግን የወላጅ ምርጫ ሕግ ሆኖ ተፈረመ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዘመን ካበቃ በኋላ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መመሪያ ቁጥር 30/2013 ወጥቶ የማስክ ግዴታው ቀጠለ። ከጥቅምት ወር ጀምሮ ትምህርት ደረጃ በደረጃ ሲከፈት ተማሪው ማስክ አድርጎ፣ በአንድ ክፍል ከ20 እስከ 25 ሆኖ፣ በፈረቃ እንዲማር ተወሰነ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሐይቅ ከተማ እስኪደርስ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በክልሉ ትምህርት ቢሮ፣ በደቡብ ወሎ ዞንና በተሁለደሬ ወረዳ ያልፋል። ወላጁ ጋ የሚደርሰው ግን በልጁ አፍ ወይም በትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። የሐይቅና የአጎራባቹ የአምባሰል ወረዳ ወላጅ ሰነዱን ጠይቆ ትእዛዙን ቢሞግት ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ሁለቱ ጸሐፊዎች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ጸሐፊ፦ ትእዛዝ ያለው ሰነዱን ያሳይ

ወላጁ የሚጠይቀው መብቱን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ ጠይቆ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 የፕሬሱን ክፍል ሲተካ የመረጃ ነፃነቱን ክፍል እንዳለ ትቶታል። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤትም የመንግሥት አካል ነውና በዚህ ሕግ ይገዛል። መልስ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ ይገልጻል። ያልረካ አመልካች ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ማለት ይችላል።

ሥራው ከባድ አይደለም። ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ከላይ ቀን፣ ቀጥሎ «ለተሁለደሬ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ሐይቅ»፣ ከሥሩ «ጉዳዩ፦ መረጃ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ»። ሁለት ቅጂ ይዘጋጃል። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ ሌላው የገቢ ቁጥርና ማኅተም አርፎበት ለወላጆቹ ይመለሳል። ያ ቁጥር ከሌለ ነገ «አልደረሰንም» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ጥያቄውም የተለየ መሆን አለበት። ማስኩን ግዴታ ያደረገው ደብዳቤ ቁጥሩ ስንት ነው? ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ ይሠራል? አስም ያለበት ልጅ ምን ይደረጋል? ትምህርት ሚኒስቴር ለተማሪዎች ይቀርባል ካለው ማስክ ለዚህ ትምህርት ቤት ስንት ደረሰ? የመጨረሻው ጥያቄ ማስረጃው ቅርብ ነው። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባልና ሁለቱን አስተያይቶ የቀረውን ማወቅ ይቻላል። አራት ልጅ ለሚያስተምር አርሶ አደር ይህ ተራ ዝርዝር አይደለም፤ ከመንግሥት ያልመጣውን ማስክ የሚገዛው እሱ ነው።

የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከዚህም ያልፋል። የፌዴራል መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያወጣ የሕዝብ አስተያየት እንዲሰበስብ፣ መመሪያውን እንዲያስመዘግብና ይፋ እንዲያደርግ ያስገድዳል፤ መመሪያው በፍርድ ቤት እንዲከለስ መጠየቅንም ይፈቅዳል። ስለዚህ ሰነድ መጠየቅ ሕጉ ራሱ ያስቀመጠው የክርክር መጀመሪያ ነው።

የጤናው ጉዳይም ቢሆን ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ባወጡት ምክር 5 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ማስክ ግዴታ አይሁን ብለዋል። ከ6 እስከ 11 ዓመት ላሉት ውሳኔው የበሽታውን ስርጭት፣ የአዋቂ ክትትል መኖሩንና ማስኩ በመማር ላይ የሚያሳድረውን ጫና አመዛዝኖ ይሰጥ አሉ፤ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት ግን እንደ አዋቂ ይታያሉ። አንደኛ ክፍልን ከስምንተኛ ክፍል ጋር አንድ አድርጎ የሚያዝ ደብዳቤ ይህን ማመዛዘኑን ማሳየት አለበት። ያልተጠየቀ ባለሥልጣን አያሳይም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በሜይ 2021 የተከተበ ሰው ማስክ ሊያወልቅ ይችላል ካለ ከሁለት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ግን ይቀጥሉ ብሎ ነበር። በእነዚያ ቀናት ከአንድ ትልቅ የመምህራን ማኅበር ጋር የተደረገው መጻጻፍ ሕዝብ ዘንድ የደረሰው ከወራት በኋላ፣ በመረጃ ነፃነት ጥያቄ ነው።

ሐይቅ ሰነድ መያዝ የሚያስተምረው የለም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በሰጡት ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሯል። ለመጻሕፍት የተደረገው ጥንቃቄ በሕፃናት ላይ ለሚወጣ ትእዛዝ ሊነፈግ አይገባም። የወላጆች ማመልከቻ መልስ እስኪያገኝም ማስክ የሌለው ልጅ ከበር መመለስ የለበትም።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ጥያቄው መከላከያውን አያስቁም

የመጠየቅ መብቱን የሚክድ የለም። ስህተቱ ሰነድ መጠየቅንና ትእዛዝ ማገድን አንድ ማድረጉ ላይ ነው። አዋጅ 590 መረጃ ያሰጣል እንጂ ማመልከቻ የገባበትን ትእዛዝ አያግድም። «መልስ እስኪመጣ ልጁ ያለ ማስክ ይግባ» የሚለው ሐሳብ ከየትኛውም አንቀጽ አልተገኘም፤ ከጥያቄ ጋር ተጠቅልሎ የገባ እምቢታ ነው።

ቀኑን መቁጠር ብቻ ይበቃል። ወረዳው 30 ቀን አለው። ከዚያ የበላይ ኃላፊ፣ ከዚያ እንባ ጠባቂ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት አለ። ኮሮና ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ሙግቱ ውሳኔ ሲያገኝ ወረርሽኙ የክፍሉን ልጆች አዳርሶ፣ በየቤቱ አያቶች ዘንድ ደርሷል። ይህ ለሐይቅ ዋናው ነገር ነው፤ ልጅ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ብዙ ጊዜ አያት ወዳለበት ቤት ነው፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ የአልጋና የኦክስጅን ድሃ ነው። አዋጅ 1183 የሚሰጠው የክለሳ መብትም ለዚህ አይደርስም። መመሪያውን የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲሆን አዲስ አበባ ከሐይቅ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እዚያ ድረስ የሚሟገተው የትራንስፖርትና የጠበቃ ገንዘብ ያለው ነው፤ ሌላው ወላጅ እሱ ባመጣው ውጤት ይኖራል።

ማስክ ይጠቅማል ወይ ለሚለው ማስረጃ አለ። በማሳቹሴትስ ግዛት የትምህርት ቤት ማስክ ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ሲነሳ በቦስተን ዙሪያ ካሉ 72 የትምህርት ወረዳዎች ቦስተንና ቸልሲ ብቻ ግዴታውን አቆዩ። በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የወጣው ጥናት ግዴታውን ያነሱት በ15 ሳምንት ውስጥ ከ1,000 ተማሪና ሠራተኛ 44.9 ተጨማሪ ታማሚ እንደታየባቸው ያሳያል። ጥናቱ የምልከታ እንጂ በዕጣ የተከፈለ ሙከራ አይደለም፤ ይህ መነገር አለበት። በባንግላዴሽ 600 መንደሮች የተደረገው ትልቅ ሙከራ ግን በዕጣ የተከፈለ ነበር። እሱም የሕክምና ማስክ የታደለባቸው መንደሮች የሕመም ምልክት ያለበት ኮሮና ቀንሶባቸው አግኝቷል፤ በጨርቅ ማስክ ላይ ያገኘው ግልጽ አልነበረም። የተጠኑት አዋቂዎች ቢሆኑም ኑሮው ከቦስተን ይልቅ ወደ ወሎ ገጠር ይቀርባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም ያዛል። አንድ ዓመት ሙሉ እርግጠኛ ማስረጃ ሲፈለግ የሚጋለጠው ሕፃኑ ነው።

የወረዳ ጽሕፈት ቤትም ያው የታወቀ ነው። በጣት የሚቆጠሩ ባለሙያዎች የፈተና፣ የመጽሐፍ ስርጭትና የመምህራን ምደባ ይዘው ይሯሯጣሉ። በአሜሪካ አንዳንድ የትምህርት ቦርዶች በሰነድ ጥያቄ ብዛት ተጨናንቀዋል፤ እዚህ ደግሞ ሥራው የሚወድቀው ሱፐርቫይዘሩንና ርዕሰ መምህሩን ወደ ትምህርት ቤት በሚልከው ያው ቢሮ ላይ ነው። የተሁለደሬ ልጅ በ2012 ዓ.ም. ለወራት ከትምህርት ተቋርጧል፤ በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ሐይቅ ሲደርስ እንደገና ቤቱ ቀርቷል። በማስክ ክርክር ሦስተኛ ጊዜ ክፍሉ ሊበጠበጥበት አይገባም።

የሞዴል 19 ጥያቄ ትክክል ነው፤ ግን የሚጠየቀው በወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ላይ፣ ርዕሰ መምህሩ ፊት ነው። ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ስንት ማስክ እንደገባ በዚያው ቀን ይነገራል፤ ከጎደለ የከተማው ልብስ ሰፊ እንዲሰፋ፣ ለአስም ታማሚው ልጅ የሐኪም ወረቀት እንዲቀበሉት እዚያው ይወሰናል። በስብሰባ ያልተመለሰ ነገር ካለ ማመልከቻው ይግባ፤ የገቢ ቁጥሩም ይያዝ። ልጁ ግን በእነዚያ 30 ቀናት ሁሉ ማስኩን አድርጎ ክፍል ይግባ።